በእትዬ ግቢ በኩል

አቋራጭ መንገድ አይቼ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። በሽታ ነው። አምስት ደቂቃ ለማትረፍ አንድ ሰዓት የማባክን ሰው ነኝ። ባለቤቴ ለእንግዳ ስታስተዋውቀኝ «መንገድ እንዳትጠይቁት፤ ያሳጥርላችኋል» ትላለች።

በሽታው የያዘኝ አዲስ አበባ፣ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። በእኛ ቤትና በዳቦ ቤቱ መካከል የእትዬ ግቢ ነበር። (ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው ፌስቡክ ላይ አሉ።) በዋናው መንገድ ለሚሄድ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን መውጣት ነው። በእትዬ ግቢ ለሚያቋርጥ ግን የቆርቆሮውን በር ገፋ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ጎንበስ፣ በጓሮው ሹልክ፤ አለቀ።

እትዬ ማንንም አትለፍ ብለው አያውቁም። በሩም ተቆልፎ አያውቅም። ብቻ ከበረንዳው ሥር ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ሲቀነጥሱ ወይ ምስር ሲለቅሙ ይገኛሉ። ወጪ ወራጁ ሁሉ በፊታቸው ነው የሚያልፈው። የሰፈሩ የባለቤት ልጆች ሲያልፉ ቀና ብለውም አያዩ። እኛ ግን ከአንድ ግቢ ሰርቪስ ቤት የተከራየን ነን፤ እኔ ስመጣ ሰፌዱ ይቀመጣል።

«ቆይ እስቲ። አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ትናንትም ጠይቀውኛል። ከትናንት በስቲያም ጠይቀውኛል።

«የተከራዮቹ ልጅ ነኝ፣ እትዬ።»

«አሃ። እናትህ ደህና ናት? ወዴት ነው?»

«ዳቦ ቤት።»

«ስትመለስ በዚሁ ነህ?»

በዚሁ መሆኔን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ስመለስ ዳቦውን በእጃቸው ዳበስ አድርገው ሙቀቱን ይለኩና፣ ትኩስ ከሆነ ጫፏን ቆረስ ያደርጋሉ። እቤት ስገባ እናቴ የተቆረሰውን ዳቦ ታይና «በእትዬ በኩል ነው የመጣኸው» ትላለች። ጉምሩክ የሚባል መሥሪያ ቤት መኖሩን ከመስማቴ በፊት ቀረጥ ከፋይ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ እ.ኤ.አ. በ2023 ሐምሌ ላይ የተከራየሁት አንድ የባሕር ዳር ጎጆ ነው።

የምንኖረው ሲያትል ነው። አማቴ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። እሳቸው ጋ ተረቱ ተገለበጠ፤ በሦስተኛው ቀን ኩሽናውን ተረክበው ብረት የሆንኩት እኔ ነኝ። ታዲያ እኒህ ሴት ከአሜሪካ የፈለጉት ነገር አንድ ብቻ ነበር። ባሕር።

የባሕር በር የሌለው አገር ሰው ባሕር ሲያምረው ምኞቱ ቀልድ አይደለም። ሲያትል ራሷ ውኃ ዳር የተቆረቆረች ስለሆነች፣ ሥራው ቀላል መስሎኝ ወስጄ አሳየኋቸው። ጀልባውን አዩ፤ ወፉን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ማዶ ወርወር አድርገው፣

«ማዶው ይታያል እኮ፣ ልጄ። ይኼ ዝዋይ ነው» አሉ።

ማዶው የማይታይ ውኃ ፍለጋ ስልኬ ላይ ሳስስ አደርኩ። ፖይንት ሮበርትስ የምትባል ስፍራ አገኘሁ። አድራሻዋ ዋሽንግተን ስቴት፣ የፖስታ ቁጥሯ 98281፣ በሦስት በኩል ባሕር የከበባት። ከዳርቻዋ ዓሣ ነባሪ ይታያል ይላል። የጎጆው ኪራይ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ርካሽ ነበር። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት መጠየቅ ሲገባኝ፣ «ከተከፈለ አይመለስም» የሚለውን ሳልጨርስ ከፈልኩ። ሣሩን እንጂ ገደሉን ያላየው በሬ እኔ ነኝ።

የፖይንት ሮበርትስ ነገር እንዲህ ነው። በ1846 እንግሊዝና አሜሪካ በዚያ በኩል ያለውን መሬት ሲካፈሉ ድንበራችን 49ኛው የኬክሮስ መስመር ይሁን ብለው ተዋዋሉ። መስመሩ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ ነው፤ መሬቱ ግን ካርታውን አላነበበም። ከካናዳ ወገን ወደ ባሕሩ ሾጠጥ ብሎ የገባ አንድ ልሳነ ምድር ነበርና፣ ጫፉ ከመስመሩ በታች ተገኘ። ከብርድ ልብስ የወጣ አውራ ጣት በሉት። አካሉ ካናዳ፣ ጣቱ አሜሪካ።

እንግዲህ ያ ጣት ላይ 1,200 ያህል ሰው ይኖራል። የአሜሪካ ግብር ይከፍላል፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይመርጣል። ወደ ቀረው አሜሪካ በመኪና ለመሄድ ግን ወደ ካናዳ መግባት፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት፣ ከካናዳ መውጣት አለበት። ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያለፉ ልጆች በአውቶቡስ ብሌን የምትባል ከተማ ሄደው ነው የሚማሩት። ጠዋት ሁለት ኬላ፣ ማታ ሁለት ኬላ። የቤት ሥራውን ረስቶ የመጣ ተማሪ ምን እንደሚደረግ አላውቅም፤ ፓስፖርቱን ማሳደስ ረስቶ የመጣ ግን የሚሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። መጽሐፍ የሚነበበው ከፈተና በኋላ የሆነበት ሰው ብዙ ነው፤ ብቻዬን አይደለሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። አማቴ ዶሮ ወጡን ሌሊቱን ሠርተው በሦስት ፎጣ ጠቅልለውታል። ትንሿ መሶብ ከኋላ መስኮቱ ሥር ጉብ ብላለች። ሰሌን፣ ጀበና፣ ቡና በፔርሙዝ፣ ድፎ ዳቦ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዓሣ ነባሪው ዶሮ ወጥ ይበላ እንደሆነ እየጠየቀች ወደ ሰሜን ነዳን። ስልኬ መንገዱ የአገር ድንበር እንደሚያቋርጥ በትንሽ ጽሑፍ ነግሮኝ ነበር። ስልኬ ብዙ ነገር ይነግረኛል።

መኪናችን አንዲት ናት፤ ወረቀታችን ግን አራት ዓይነት ነበር። ባለቤቴ ዜግነት ወስዳለች፤ ሰማያዊ ፓስፖርት ይዛለች። ልጄ እዚሁ የተወለደች ናት፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆነ አሜሪካዊ ልጅ በመኪና ሲሻገር የልደት ወረቀት ይበቃዋል። እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ። አማቴ ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው ላይ የተለጠፈ የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ አላቸው። የአንድ ቤተሰብ አባላት መሆናችንን የሚያውቀው ዶሮ ወጡ ብቻ ነው።

ኬላው ጋ ደረስን። የካናዳዋ ሠራተኛ ከመስኮቷ ፈገግ አለች። ካናዳውያን ትሑቶች ናቸው፤ እምቢ ሲሉህ እንኳ ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ።

«ወዴት ናችሁ?»

«አሜሪካ» አልኩ።

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከአሜሪካ።»

ፓስፖርቶቹን አስቀመጠች። ሰፌዱን አስቀመጠች ማለት ይቀለኛል፤ ያን ጊዜ ነው እትዬ ትዝ ያሉኝ።

ሰማያዊውን ፓስፖርት ገለጥ አድርጋ መለሰች። የልደት ወረቀቱን አየት አድርጋ ለልጄ እጇን አወዛወዘችላት። የባለቤት ልጆች ናቸው። ከዚያ ወደ ተከራዮቹ ዞረች።

«የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ነህ። ቪዛ አያስፈልግህም» አለችኝ።

ቀና አልኩ።

«ግን ፓስፖርትህ ጊዜው አልፏል።»

አራት ወር አልፎታል። አላደስኩትም ነበር፤ ስንፍናዬ ነው፣ በማንም አላሳብብም። አሜሪካ ውስጥ ፓስፖርቴን የሚጠይቀኝ ሰው ስለሌለ ከሠርግ አልበሙ ጋር መሳቢያ ውስጥ ነበር የኖረው። ካናዳ ግን ከ2022 ሚያዝያ ወዲህ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ከግሪን ካርዱ ጋር የአገሩን ያልተቃጠለ ፓስፖርት እንዲያሳይ ትጠይቃለች። ሠላሳ ደቂቃ ለማለፍ የአሜሪካ ነዋሪነቴ አልበቃም፤ ያገሬ ልጅነቴ ተጠየቀ። አንተ የማን ልጅ ነህ?

«እሳቸው ደግሞ የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል።»

«የአሜሪካ ቪዛ አላቸው እኮ።»

«እሱ አሜሪካ ለመግባት ነው።»

«እኛም የምንገባው አሜሪካ ነው።»

«በካናዳ በኩል» አለች፣ እያሳዘንናት።

አማቴ ከኋላ ወንበር አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ምን አለችህ፣ ልጄ?»

«ቪዛ ያስፈልጋል ነው የምትለው፣ እማማ።»

«ንገራት እንጂ። አንቀመጥም፤ ማለፍ ብቻ ነው። ቤቷን አናይ፣ ውኃዋን አንጠጣ። ማለፍ ብቻ።»

ነገርኳት። «ማለፍ ብቻ» ለሚሉ ሰዎችም የተዘጋጀ ነገር እንዳለ አስረዳችኝ። የትራንዚት ቪዛ ይባላል፤ እስከ 48 ሰዓት ለሚያልፍ መንገደኛ ነው፤ ክፍያ የለውም። እትዬም አያስከፍሉም ነበር። ግን ቀድሞ ማመልከት፣ ቅጽ መሙላት፣ ለምን እንደምታልፍና ካለፍክ በኋላ ማለፍህን የሚያረጋግጥ ወረቀት ማያያዝ ያስፈልጋል። በነጻ የሚሰጥ ነገር ወረቀቱ ብዙ ነው፤ ለምን እንደሆነ የቀበሌ ደንበኛ የነበረ ሁሉ ያውቃል።

እዚህ ላይ መኪናዬን ኬላው ጋ አቁሜ ትንሽ ልዙር፤ ሰልፉ እንደሆነ አይንቀሳቀስም።

ማለፍ ማለት በእኛ ቋንቋ ቀላል ነገር ነው። «እግረ መንገዴን ነው» ብለን ቤት የምንገባ፣ «ልሂድ» ብለን ለሁለት ሰዓት በር ላይ የምንቆም ሕዝብ ነን። ፈረንጅ ጋ ግን ማለፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አውሮፓውያን በ2009 ባወጡት የጋራ የቪዛ ሕግ ውስጥ የአሥራ ሁለት አገር ሰዎች በስም ተዘርዝረዋል፤ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ፣ ከኤርፖርቱ በር ሳይወጡ፣ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ቪዛ የሚያስፈልጋቸው። ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ግሪን ካርድ ያለው ከዚህ ይድናል። ኩዌት አሥራ አምስት ዓመት የኖረና የሠራ ያገሬ ልጅ ግን የኩዌት መኖሪያ ፈቃዱን ቢያሳይ አይድንም። ሁለታችንም ተከራይ ነን፤ የሚለያየን የአከራያችን ስም ነው።

ጄኔቫ የሚኖር አንድ ወዳጅ ደግሞ አለኝ። ጄኔቫን ካርታ ላይ ብታዩአት ፈረንሳይ አፏ ውስጥ ከትታ ገና ያልዋጠቻት ቁራሽ ትመስላለች። ስዊዘርላንድ በ2008 ታኅሣሥ የሸንገን ድንበር የለሽ ጉዞ ውስጥ እስክትገባ ድረስ፣ ወዳጄ ከሰፈሩ አውቶቡስ ተሳፍሮ ፈረንሳይ ገበያ አይብ ለመግዛት ቪዛ ያስፈልገው ነበር። የስዊስ ጎረቤቶቹ ዘምቢላቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ እሱ ከፎቁ ሆኖ ያያቸዋል። በ2006 አውሮፓውያን አንድ ርኅራኄ አደረጉ። የስዊስ መኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ እስከ አምስት ቀን ድረስ ያለ ቪዛ ማለፍ ይችላል አሉ። ማለፍ፣ ልብ በሉ። አይብ መግዛት አይደለም።

ወዳጄ አይብ ለመግዛት በሄደ ቁጥር የሚያልፍበት ቦታ አዘጋጅቶ ነበር የሚሄደው። «ወዴት እያለፍክ ነው?» ቢሉት «ወደ እንግሊዝ፣ አክስቴ ጋ» ይላል። እንግሊዝ አክስት የለውም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ እንግሊዝ ሳልፍ ኖርኩ፤ አንድም ቀን አልደረስኩም» ይለኛል።

ወደ ሰልፌ ልመለስ።

ሠራተኛዋ ወደ ቢሮው ላከችን። ቢሮው ውስጥ አርባ ደቂቃ ተቀመጥን፤ አማቴ ዳዊታቸውን አወጡ። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ተሰጠን። ስሙን ሳነብ ዓይኔን አላመንኩም። ከካናዳ እንድትወጡ ተፈቅዶላችኋል ይላል። ሳንገባ መውጣት ተፈቀደልን! ለአማቴ ስተረጉምላቸው «እግዚአብሔር ይስጣቸው» አሉ። ወረቀት ተሰጥቷቸው ሳያመሰግኑ የወጡበት ቢሮ የለም።

እስቲ ኪሳችንን ቁጠሩት። እኔ አረንጓዴ ካርድ አለኝ። ባለቤቴ አሜሪካዊት ከሆነች ወዲህ ያገሯ ሕግ ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ፣ አዲስ አበባ ስትሄድ የምታሳየው ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆኗን የሚመሰክር ቢጫ ካርድ አላት። ያን ቀን ካናዳ ቀዩን ጨመረችልን። ባንዲራው ሞላ።

ሰዎች «ለምን ዜግነት አትወስድም?» ይሉኛል። እወስድ ይሆናል። ግን ባለቤቴን አያለሁ። እዚህ ባለቤት ስትሆን እዚያ ተከራይ ሆነች፤ በተወለደችበት ከተማ ቢጫ ካርድ ይዛ ትሰለፋለች። ሰው በሁለት ቤት ባለቤት መሆን ካልቻለ የሚመርጠው የቱ በር ላይ «የማን ልጅ ነህ» መባል እንደሚሻለው ነው። እኔ እስካሁን አልወሰንኩም፤ ለዚህም ስንፍናዬን አመስግኑት።

መኪናውን አዙረን ወደ አሜሪካ ተመለስን። ማለት ወጥተን የማናውቅበት አገር መግቢያ በር ላይ ተሰለፍን። የአሜሪካው ሠራተኛ መነጽሩን ዝቅ አደረገ።

«ካናዳ ምን ያህል ቆያችሁ?»

«አርባ ደቂቃ።»

«ምን ስትሠሩ?»

«ስንወጣ» አልኩ። ባለቤቴ ጉልበቴን መታችኝ።

ወረቀቱን ሰጠሁት፤ አነበበና ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ ብልጭ አለች። «ፖይንት ሮበርትስ ነው አይደል?» አለ። የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆንን ገባኝ። የፖይንት ሮበርትስ ሰዎች ራሳቸው በኮቪድ ጊዜ አይተውታል። በ2020 መጋቢት ድንበሩ ሲዘጋ አሜሪካ ውስጥ ሆነው ከአሜሪካ ተቆረጡ፤ ወደ ቤሊንግሃም የሚያመላልሳቸው ጀልባ እስኪመደብላቸው ወራት ፈጀ። ለዓመታት ቤንዚን በሊትር፣ ጥቅል ዕቃ በመጋዘን እያዘጋጁ ሲያስተናግዱት የኖሩት ካናዳዊ ደንበኛም ቀረ። ባለቤትም አንዳንዴ ተከራይ ይሆናል።

ልጄ አለቀሰች። ዓሣ ነባሪው ተርቦ እንደሚውል ነው ያስለቀሳት። ባለቤቴ ስልክ አወጣች። ቫንኩቨር አካባቢ የአክስቷ ልጅ አለ፤ እዚያ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ። እሱ ወደ እኛ መምጣት አይችልም፤ እኛም እንዳያችሁት ነን። አማቴ ካዩት አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለቤቴ የደወለችው ልትማረርለት ነበር።

«የት ናችሁ? ኬላው ጋ?» አለ። «ኬላው አጠገብ ያለው ፓርክ ውስጥ ጠብቁኝ። መጣሁ።»

በሁለቱ ኬላዎች መካከል፣ አውራ ጎዳናውን ግራና ቀኝ ከፍሎ፣ አንድ ነጭ የድንጋይ በር ቆሟል። ቁመቱ 20 ሜትር ያልፋል። ሳም ሂል የሚባል መንገድ ወዳድ ባለጸጋ አስተባብሮ ያሠራው ሲሆን በ1921 ተመርቋል። ከውስጥ ግድግዳው ጋር የብረት መዝጊያዎች ተገጥመውለታል፤ ተዘግተው ግን አያውቁም፤ እንዳይዘጉም ምኞቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አለው። በዙሪያው ያለው ሣር የሁለቱም አገር ፓርክ ነው። ከየትኛውም ወገን የመጣ ሰው ሣሩ ላይ ያለ ቪዛ መገናኘት ይችል ነበር፤ ሲያበቃ በመጣበት በኩል እስከተመለሰ ድረስ።

አማቴ በሩን ቀና ብለው አዩት። በአሜሪካ ወገን የአንድ እናት ልጆች ነን የሚል፣ በካናዳ ወገን ደግሞ ስለ ወንድሞች አብሮ መቀመጥ የሚያወራ ጽሑፍ ተቀርጿል። ተረጎምኩላቸው።

«የዳዊት ነው» አሉ ወዲያው። «132ኛው። እነሱም ይደግማሉ እንዴ?» ከዚያ የመጣንበትን ኬላ መለስ ብለው አዩና ቀስ ብለው፣ «መድገሙንስ ይደግማሉ» አሉ።

ሰሌኑ ተነጠፈ። የት ይነጠፍ በሚለው ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። እኔ ያን ቀን አንድ አገር ስለወጣሁ ሁለተኛ መውጣት አልፈለግሁም፤ መስመሩን ከሚያመለክተው ድንጋይ ወዲህ ይሁን አልኩ። አማቴ ግን ሣር መርጠው፣ ጥላ መርጠው፣ ልክ መሐል ላይ ዘረጉት። የመሶቧ ግማሽ ካናዳ ገባ።

ልጁ መጣ። ከዚያኛው ወገን እየሮጠ፣ «አክስቴ!» እያለ መጣ። አክስቱ ሲስሙት አልቆጠርኩም፤ ልጄ ግን ቆጥራ አሥራ አራት ነው ብላኛለች። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ከሳህ» አሉት። አልከሳም ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያልታየ ሰው ግን ሁልጊዜ የከሳ ነው። ወዲያው ሰሌኑ ላይ አስቀመጡት። ለቅልጥሙ አሜሪካ ተቀምጠው፣ ለእንቁላሉ ወደ ካናዳ ተንጠራርተው፣ ጠቅልለው ጠቅልለው አጎረሱት። ከዳር አንድ የጥበቃ መኪና ቆሞ ያየናል። ጉርሻው መስመሩን በተሻገረ ቁጥር እኔ መኪናውን አያለሁ። አልተነቃነቀም። ለጉርሻ የወጣ ደንብ የለም መሰለኝ።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አማቴ ቀና ብለው፣

«ባሕሩስ?» አሉ።

የባለቤቴ የአክስት ልጅ አስነሥቶ ወደ ምዕራቡ ጥግ ወሰዳቸው። ከዛፎቹ በላይ የውኃው ጥግ ይታያል። ቆመው አዩት። ማዶው ላይ ያ ልሳነ ምድር ይታያል፤ ጫፉ ላይ ፖይንት ሮበርትስ አለች።

«ያ ነው ልትወስደን የነበረው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ይታያል እኮ» አሉ። ዝዋይ ማለታቸው ነበር።

አማቴ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔም ፓስፖርቴን ከሠርግ አልበሙ አውጥቼ ለማሳደስ ላክሁት፤ ወራት ፈጅቶ መጣ። በዓመቱ ሐምሌ ባለቤቴን «ያን መንገድ እንጨርሰው» አልኳት። ጉዳዩ የእልክ መሆኑን ታውቃለች፤ ዝም ብላ ድፎ ዳቦ ደፋች።

የካናዳዋ ኬላ ጋ አዲሱን ፓስፖርቴን ዘረጋሁ። ይህችኛዋ ሌላ ሴት ናት። ወዴት፣ ለምን፣ ለስንት ቀን አለች። ከዚያ መልሳ እየሰጠችኝ፣

«ስትመለሱ በዚሁ ናችሁ?» አለችኝ።

ሌላ መንገድ ያለ ይመስል! «አዎ፣ እትዬ» ሊል ነበር ምላሴ።

ካናዳን በሠላሳ ደቂቃ አለፍናት። ቤቷን አላየን፣ ውኃዋን አልጠጣን። ከአትክልት እርሻዎች፣ ከአንድ ትልቅ ድልድይ ማስታወቂያና ከብዙ የትራፊክ መብራት በኋላ መንገዱ ቀጥ አለና የአሜሪካ ባንዲራ ታየ። አንዲት ትንሽ ኬላ፣ አንድ ሸምገል ያለ ሠራተኛ። ከኋላችን ማንም የለም፤ ሰውየው ለወግ ጊዜ አለው።

«ከየት ነው?»

«ከአሜሪካ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ለምዶታል። ፓስፖርቱን አገላበጠ፣ ግሪን ካርዱን አየ። «ኢትዮጵያ» አለ፣ እንደ ጥያቄም እንደ መልስም። «የያዛችሁት ምግብ አለ?»

ልጄ ከኋላ ወንበር ድፎውን በሁለት እጇ ከፍ አደረገች። ባለቤቴ ማለዳ ነው የደፋችው፤ ፎጣው ሲገለጥ ሽታው መኪናውን ሞላው። ሰውየው በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ትኩስ ነው?» አለ።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ወደ ኋላ ሄደ። ጫፏን ቆርሼ በመስኮቱ ልዘረጋለት ስል ባለቤቴ ክርኔን ያዘችኝ።